ጎልማሳው ለምን ወደ ሞዴል አውሮፕላኑ ይመለሳል?

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ሳጥን በብብቱ ሸጉጦ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ለየትኛው ልጅ ነው?” ባለቤቴም እኔን እንዲሁ ጠየቀችኝ። “ለራሴ ነው” ስላት ሳጥኑን ገልበጥ አድርጋ አየችውና “አንተ ደግሞ!” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼም የሥራ ባልደረቦቼም ጠይቀውኛል። ነገሩ አሻንጉሊት ነው? እንዴት ነው የሚሠራው? ትልቅ ሰውስ ምን አግኝቶበት ነው ሌሊቱን የሚያመሸው?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። በልጅነታቸው ሞዴል ይሠሩ የነበሩ፣ ከዚያም ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የተዉት፣ አሁን ግን ተመልሰው ጠረጴዛ የዘረጉ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉ፤ በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም አሉ። እኔ ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ልመለስ ብሎ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቢያውቃቸው የምላቸውን ነገሮች፣ እንዲሁም ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ግራ የሚያጋቡትን፣ በቀላል ቋንቋ ላስረዳ። ከራሴ ትዝታ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞዴል ከአሻንጉሊት በምን ይለያል?

ሞዴል ማለት የአንድ እውነተኛ ነገር ቅርጽና ምጥጥን ተጠብቆ መጠኑ ብቻ የተቀነሰበት ሥራ ነው። አውሮፕላን፣ መርከብ፣ ባቡር፣ ታንክ፣ ቤት ሊሆን ይችላል። አሻንጉሊት ለመጫወቻ ስለሚሠራ ቢወድቅ እንዳይሰበር ወፈር፣ ጠንከር ይላል፤ ጎማው ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ቢተልቅ ማንም አይጠይቅም። ሞዴል የሚሠራው ለዓይን ነው። ክንፉ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢረዝም የሠራው ሰው ያውቀዋል፤ ያውቀዋል ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ ይነሳዋል።

እኛ ልጆች ሳለን የሠራነው የሽቦ መኪናስ? እኔ ሞዴል ነው ባይ ነኝ። ያደግሁት ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ነው። ከግንባታ ቦታ የተጣለ ሽቦ ለቅመን በድንጋይ እያቃናን፣ ከአሮጌ ሲሊፐር ሶል ጎማ እየቆረጥን፣ ረጅም መሪ እስከ ደረታችን አውጥተን መንገድ ለመንገድ እንነዳ ነበር። የሰፈራችን ልጅ የኤንትሬን ጠፍጣፋ ፊት ከሌላው የጭነት መኪና ፊት አጥርቶ ይለያል። አንዱ ልጅ የፊት መስታወቱን አዘቅዝቆ ከሠራው “ይሄ ኤንትሬ አይደለም” ተብሎ ይፈርሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። እውነተኛውን ነገር አይቶ፣ ልኩን በዓይን ወስዶ፣ በትንሹ መልሶ መሥራት፤ የሞዴል ሥራ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የፕላስቲኩን ሞዴል የተዋወቅሁት በ1971 ዓ.ም. አጎቴ ከውጭ አገር ሥልጠና ሲመለስ ይዞልኝ በመጣው ሳጥን ነው። ውስጡ የነበረው ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ነበር፤ በየቀኑ ከቤታችን በላይ ሲያልፍ ጆሮዬን እየያዝኩ የማየው ያው አውሮፕላን።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው አውሮፕላን አይደለም። ቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ፍሬ፣ በቀጭን የፕላስቲክ ማዕቀፍ ላይ የተያያዙ በርካታ ቁርጥራጮች ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ አጠገቡ ቁጥር አለው። የሥራ መመሪያው የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር በምን ቅደም ተከተል እንደሚገጥም በሥዕል ያሳያል።

ቁርጥራጮቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ፣ ማለትም የሲዲ ማስቀመጫ የሚሠራበት ዓይነት፣ በእንክብል መልክ ማሽን ውስጥ ይገባና በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ማሽኑ የቀለጠውን ፕላስቲክ ሐኪም መድኃኒት በመርፌ እንደሚወጋ ዓይነት፣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ተዘጋ የብረት ቅርጽ ማውጫ ያስገባዋል። ቅርጽ ማውጫው ሁለት ገጽ ያለው ብረት ሲሆን በውስጡ የክንፉ፣ የመቀመጫው፣ የጎማው ጎድጓዳ ተቀርጾበታል። ፕላስቲኩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ብረቱ ይከፈታል፤ ማዕቀፉ ከነፍሬው ይወጣል። ፕላስቲኩ የተጓዘበት ቦይ ራሱ ደርቆ ማዕቀፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበት ቦታ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቀጭን መስመር ትቶ ያልፋል፤ ያንን መስመር በቢላና በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት የሞዴል ሠሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ይህ ዘዴ ወደ ሞዴል ዓለም የገባው በአጋጣሚ ነበር ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለውን ድርጅት በ1939 የመሠረተው ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሃንጋሪ ስደተኛ ነው። መጀመሪያ በአየር የሚነፋ የጎማ አሻንጉሊት፣ ቆይቶም የፀጉር ማበጠሪያ ይሠራ ነበር። በ1949 አንድ የትራክተር አምራች ሻጮቹ ለደንበኛ የሚያሳዩት ትንሽ ትራክተር እንዲሠራለት አዘዘው። በኋላም ትራክተሩ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በቁርጥራጭ ለገበያ ቀረበ። በ1952 ደግሞ የጥንት የመርከብ ሞዴል በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በርካሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ርካሽነቱ ነገሩን ለወጠው፤ ልጆች ከኪስ ገንዘባቸው አጠራቅመው የሚገዙት ሆነ። በጃፓን ታሚያ፣ በሌሎች አገሮችም ሌሎች ተከተሉ።

ለተመላሽ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ቅርጽ ማውጫው ብረት ስለሆነ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ዛሬ መደርደሪያ ላይ በሚያብረቀርቅ አዲስ ሳጥን የሚሸጠው ሞዴል፣ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ከሃምሳ ዓመት በፊት በተቀረጸ ብረት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትዝታ ፈልጎ ለሚገዛ ሰው ይህ ደስታ ነው። አዲስ ነው ብሎ ለሚገዛው ግን ክንፉ ከአካሉ የማይገጥም፣ ስቱኮ የሚያስጨርስ ሥራ ነው። ከመግዛት በፊት ቅርጽ ማውጫው መቼ እንደተሠራ መጠየቅ ብዙ ብስጭት ያድናል።

በሳጥኑ ላይ የተጻፈው 1/72 ምንድን ነው?

ይህ ስኬል ይባላል፤ በካርታ ላይ የምናውቀው ያው ነው። 1/72 ማለት የሞዴሉ አንድ ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤፍ 5 ኢ የተባለው ዓይነት ርዝመቱ 14.45 ሜትር ነው። ለ72 ሲካፈል 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በ1/48 ከተሠራ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የታችኛው ቁጥር ሲያንስ ሞዴሉ ይተልቃል፤ ጀማሪን የሚያደናግረው ይህ ነው።

72 ከየት መጣ? በእንግሊዝ ልኬት 6 ጫማ ማለት 72 ኢንች ነው። ስለዚህ 6 ጫማ ቁመት ያለው ሰው በዚህ ስኬል ልክ አንድ ኢንች ይሆናል፤ ስሌቱ በራስ ቅል ውስጥ የሚሠራ ነው። የታንክ ሞዴሎች የተለመዱበት 1/35 ደግሞ የባትሪ ልጅ ነው። ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ ታንክ ሲሠራ፣ መጠኑን የወሰነው ባትሪውና ሞተሩ ውስጡ እንዲገቡ አድርጎ ነበር። ኋላ ሲለካ 1/35 ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉትና ልማድ ሆኖ ቀረ። የመንገደኛ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ በ1/144 ይሠራል። ምክንያቱን ለማወቅ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበትን ቦይንግ 787-8 ማሰብ ይበቃል። የክንፉ ስፋት 60 ሜትር ነው። በ1/144 42 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1/72 ግን 83 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተርፎ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁሉም ነገር በእኩል ሊያንስ አይችልም። የእውነተኛው አውሮፕላን የአካል ቆርቆሮ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ በ1/72 ከሰው ፀጉር በብዙ የሳሳ መሆን ነበረበት። የቀለጠ ፕላስቲክ እንደዚያ በቀጠነ ቦይ አይፈስም። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም በእውነተኛው ላይ ሰባት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ማለት ነው። ልምድ ያለው ሠሪ ዓይን የሚያርፍባቸውን ጠርዞች፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጫፍና የሞተሩን የጭስ መውጫ፣ ከውስጥ በኩል እየፋቀ ያሳሳቸዋል። የቀረውን አይነካውም። ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ጥቁርን ከነጥቁረቱ ብንቀባው ትንሹ አውሮፕላን ከሰል ይመስላል። ከሩቅ የሚታይ ነገር ቀለሙ ስለሚፈዝ ጥቁሩ ላይ ጥቂት ግራጫ ይጨመርበታል። ሞዴል እንግዲህ እውነተኛው ነገር ከሩቅ ሲታይ የሚሰጠውን ስሜት በእጅ መፍጠር ነው።

ማጣበቂያው እንዴት ነው የሚሠራው?

ስለ ሞዴል ሥራ አንድ ነገር ብቻ ላስረዳ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ የልጅነቴን ኤፍ 5 ያበላሸው ስለሆነ።

የወረቀት ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ ሁለቱን ይይዛል። የሞዴል ማጣበቂያ ግን በመካከል አይቀመጥም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፖሊስታይሪንን የሚያሟሟ ነው። ሁለት ጧፍ ጫፍና ጫፋቸውን በእሳት አሙቀን ብናገናኛቸው ሰሙ ለስልሶ ይዋሐዳል፤ ሲቀዘቅዝ አንድ ጧፍ ይሆናል። ማጣበቂያው ያለ እሳት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሁለቱን ቁርጥራጮች ገጽ ያለሰልሳል፣ ይዋሐዳሉ፣ ከዚያ ፈሳሹ ወደ አየር ተኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። በደንብ የተጣበቀ ክንፍ በጉልበት ቢሰበር፣ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ውጭ ነው።

በዘጠኝ ዓመቴ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ብዙ ከተደረገበት የበለጠ ይይዛል ብዬ ቱቦውን ጨምቄ ክንፉ ላይ አፈሰስኩት። ሲተርፍ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ፕላስቲኩ ለስልሶ ስለነበር የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ክንፉ ላይ ታትሞ ቀረ። ቀለም ብቀባበትም ከቀለሙ ሥር ይታይ ነበር። ያ አውሮፕላን ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር ጠፋ፤ አሻራው ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን የምጠቀመው እንደ ውኃ የቀጠነ ማጣበቂያ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሳይቀቡ በደረቁ ይገጠማሉ፤ በጣት ይያዛሉ። ከዚያ በጥቂቱ የተነከረ ቀጭን ብሩሽ የመጋጠሚያውን ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይነካዋል። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል፤ ጋዝ በፋኖስ ክር ሽቅብ እንደሚወጣ ማለት ነው። መስመሩ ለአፍታ ጠቆር ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ይታያል። ከዚያ ቀስ ብሎ ጫን ሲደረግ የለሰለሰ ፕላስቲክ በመጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዶቃ ሆኖ ብቅ ይላል። ያ ዶቃ ከታየ መጋጠሚያው ተዋሕዷል። በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ስንጥቁ ጭራሽ አይታይም። ጣትን ከስንጥቁ ማራቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን ለመማር አርባ ዓመት ጠበቅሁ።

የሚያሟሟ ስለሆነ ከፖሊስታይሪን ውጭ ያለውን አይዝም። ብረት፣ እንጨት፣ ቀለም የተቀባ ገጽ ላይ አይሠራም። ለእነዚህ ሱፐር ግሉ አለ፤ እርሱ የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ሁለቱም ሽታቸው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል፤ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ከቢላው ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጋራዥ ቆሞ የመኪና ላሜራ ሥራ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም። የሞዴል ሠሪው መርጫ የጋራዡ መርጫ ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሳስ ያህላል፣ ቀለሙ እንደ ወተት እስኪፈስ ይቀጥናል። ቁጥሮችና ምልክቶች የሚለጠፉት ድሮ ከማስቲካ ጋር ይመጣ እንደነበረው ተለጣፊ ሥዕል በውኃ ረጥበው ነው።

ሰው ለምን ይተወዋል፣ ለምንስ ይመለስበታል?

መተዉ ቀላል ነው። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ላይ ፈተና አለ፣ ኳስ አለ፣ ጓደኛ አለ። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ፤ ለብዙዎቻችን ደግሞ ስደት። ጊዜ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ለሦስት ቀን ሳይነካ የሚቀመጥ ጠረጴዛም ይጠፋል። የሌጎ ጡብ የሚገጣጥሙ ትልልቅ ሰዎች ይህንን የመራራቅ ዘመን “የጨለማ ዘመን” ይሉታል። ሌጎም ራሱ ገበያውን አይቶ ከ2020 ጀምሮ ለአዋቂ ያዘጋጃቸውን ሳጥኖች “18+” ብሎ ያትምባቸዋል።

ለመመለሱ ሥነ ልቦና የሚሰጠን የተወሰነ ማብራሪያ አለ። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ ከሌላው ዘመናቸው ይልቅ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት መካከል ያለውን በብዛት ያነሳሉ። የሽታ ነገርም አለ። ሽታ አንጎል ውስጥ ወደ ትዝታና ስሜት ማዕከላት የሚደርስበት መንገድ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት መንገድ ያጠረ ነው። እኔ የማጣበቂያውን ክዳን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የእናቴ ጓዳ ነው፤ ያኔ የምሠራው በእርሷ የሽንኩርት መክተፊያ ላይ ነበር። ክዳኑን እስክከፍት ድረስ ያንን መክተፊያ ለአርባ ዓመት አላሰብሁትም።

ትዝታ ግን ሰውን ወደ ሱቁ ይወስደዋል እንጂ ጠረጴዛው ላይ አያቆየውም። የሚያቆየው በአማርኛ ተመስጦ የምንለው ነው። በሃንጋሪ ቤተሰብ የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃዪ ይህን ሁኔታ ረጅም ዘመን አጥንቷል። ሥራው ከችሎታችን ጥቂት ብቻ ሲከብድ፣ ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ ያደረግነው ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው ስናየው፣ ሐሳባችን ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራው ይሰበሰባል፤ ሰዓቱም ሳይታወቅ ይሄዳል። ሞዴል ሥራ እነዚህን ሦስቱን ያሟላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ምን እንደሠራ በእጁ ሊይዘው ለማይችል ሰው፣ ማታ አንድ የአብራሪ መቀመጫ ቀብቶ ማሳደር ትልቅ ነገር ነው። ከበሽታ ይፈውሳል፣ እርጅናን ያስቀራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። እንቅልፌ እንደተሻሻለ ግን አውቃለሁ።

ተመላሹን የሚጥለው ምንድን ነው?

ብዙ ተመላሾች የመጀመሪያውን ሳጥን ሳይጨርሱ ያቆማሉ። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ይመስላቸዋል። እኔ ሌላ ነው እላለሁ። ልጅ ሆነን ስንሠራ ዓይናችንና እጃችን እኩያ ነበሩ። ክንፉ ጠመም ቢል ሐሳባችን ያቃናው ነበር፤ የተበላሸው አውሮፕላን ይበርር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይናችን አርባ ዓመት ተምሯል፤ ጥሩ ሥራ አይቷል፣ ፎቶግራፍ አይቷል፣ ጉድለት መለየት ችሏል። እጃችን ግን አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ሰው ዓይን በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ይፈርዳል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ለእጁ ጊዜ ይሰጠዋል። እጅ ደግሞ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ብስክሌት መንዳት እንደማይረሳ ሁሉ ቢላ አያያዝ፣ ብሩሽ አያያዝ ከሦስትና ከአራት ሞዴል በኋላ ይመለሳል።

ዓይንም ቢሆን ፍርዱ ሲጠነክር አካሉ ይደክማል። በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርብ ነገር ለማየት ቅርጹን ይለውጣል፤ እየጎበጠ ይወፍራል። በወጣትነት ለስላሳ ስለሆነ ይህን በቀላሉ ያደርገዋል። ከአርባ ዓመት ግድም ጀምሮ እንደከረመ ቆዳ እየደረቀ ስለሚሄድ መጉበጥ ያቅተዋል። ጋዜጣ ከዓይናችን እያራቅን የምናነበው ለዚህ ነው። ጋዜጣን ማራቅ ይቻላል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሲርቅ ግን ጭራሽ አይታይም። መፍትሔው የሚያሳፍር አይደለም፤ ከማንበቢያ መነጽር ጋር ሰዓት ሠሪዎች የሚያደርጉት ዓይነት የግንባር ማጉያ ነው። ከማጉያው በፊት ግን መብራት ይቅደም። የዓይን ብሌን በዕድሜ ስለምትጠብ፣ ሌንሱም ቢጫ እያዘለ ስለሚሄድ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። እኔ በግራና በቀኝ ሁለት ነጭ መብራት ካደረግሁ በኋላ መነጽሬን መለወጥ እንዳለብኝ አምኜ የነበረውን ትቻለሁ።

ለእጅ መንቀጥቀጥ ሁለቱንም የእጅ አንጓ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ሁለቱን እጆች በትንሽ ጣት ማነካካት ነው። ቡናም ያንቀጠቅጣል። ጥቃቅኑን የምቀባው ከአቦል በፊት ነው፤ ከበረካ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ እይዛለሁ።

ሌላው ወጥመድ ገንዘብ ነው። በልጅነቱ አንድ ሳጥን በዓመት ያላገኘ ሰው፣ አሁን ደመወዝ አለውና አሥር ሳጥን በወር ይገዛል። ሳጥኖቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደረደራሉ፤ መግዛቱ ራሱ የመሥራትን ቦታ ይይዛል። ብዛት ካላቸው ቁርጥራጮች፣ ከቀጫጭን የብረት ተጨማሪዎች ጋር የሚመጣ ትልቅ ሞዴል መጀመሪያ መግዛትም እንዲሁ ነው። ለመመለሻ የሚሆነው ትንሽ፣ ቁርጥራጩ ከሃምሳ የማይበልጥ፣ ቅርጽ ማውጫው የቅርብ ጊዜ የሆነ፣ አንድ ቀለም የሚበቃው ነው። ማጣበቂያ የማይፈልጉ፣ ጫን ሲደረጉ የሚገጥሙም አሉ፤ የጃፓኑ ባንዳይ ከ1980 ጀምሮ የሚያወጣቸው የጋንዳም ሮቦቶች ዛሬ አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው።

አገር ቤት ሆኖስ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፤ መንገዱ ግን ትንሽ ይለያል። የሞዴል ሳጥን እንደ ልብ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሳጥኑን በሻንጣ ሊያመጣ ይችላል። በዘይትና በቲነር የሚቀጥነው ቀለም ግን ተቀጣጣይ በመሆኑ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ በውኃ የሚቀጥነውን ማስመጣት ይሻላል።

ከዚያ የሚቀለው ካርቶን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖላንድ ፕላስቲክ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የካርቶን ሞዴል ትልቅ ባህል ሆነ፤ የአውሮፕላኑ ክፍሎች ታትመውበት የሚወጣ፣ አንባቢው ቆርጦ የሚሠራበት መጽሔት ከ1957 ጀምሮ ይታተም ነበር። መቀስ፣ ማስመሪያ፣ የወረቀት ኮላና ሹል ቢላ ይበቃሉ። ሽቦ የማጠፍ ልምድ ላለው ሰው ደግሞ ሽቦው አሁንም አለ፤ ፒንሳም አለ። በዚህ ዕድሜ፣ ከፎቶግራፍ ላይ ልኩን ወስዶ፣ በ1/24 የሚሠራ ኤንትሬ ምን እንደሚመስል እኔ ሳላየው አልቀርም።

እኔ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የያዝሁት ሳጥን የለውም። በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አገራችን ውስጥ የተሠራችውን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችውን “ፀሐይ” አውሮፕላን ነው የምሠራው። ጣሊያኖች ወስደዋት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከሮም አቅራቢያ በሚገኝ ሙዚየም ቆይታ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ በይፋ ተመልሳለች። የሚሸጥ ሞዴሏን ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አትሜ፣ የጎማውን ክብ መነሻ አድርጌ፣ ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ጋር እያመዛዘንሁ በማስመሪያ እለካለሁ። እስካሁን ያለቀው የግራ ክንፉ የእንጨት አጥንት ነው፤ አሥራ አንድ ቀጫጭን ጎድን። ትናንት ማታ አሥረኛውን ሳጣብቅ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ቆየችና መብራቱን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋችልኝ።